ሦስት ፌዝ በአንድ ግቢ

ስለ ኤሌክትሪክ የማውቀው ሁለት ነገር ነበር፤ መምጣቱንና መሄዱን። ሲመጣ «መጣ» እላለሁ፣ ሲሄድ «ሄደ» እላለሁ፤ ከዚያ ያለፈ ትውውቅ አልነበረንም። በዚህ ዕድሜዬ ግቢ መሐል ቆሜ ስለ ገመድ ውፍረትና ስለ ሞተር ጉልበት ከሰው ጋር እጨቃጨቃለሁ ብሎ የተነበየ ሰው ቢኖር፣ ዘመዶቹን ጠርቼ ፀበል ውሰዱት እላቸው ነበር።

ጣጣው የገባው በባሌ በኩል ነው። መቼስ የትዳር ጣጣ በሌላ በኩል አይገባም። ባሌ ጌታቸው አናጺ ነው። ሰንጋ ተራ በተከራያት የቆርቆሮ ቤት ውስጥ በር፣ አልጋና ቁም ሣጥን እየሠራ ነው ልጆቻችንን አሳድገን ለወግ ለማዕረግ ያበቃናቸው። እኔ ትምህርት ቤት ውስጥ ጸሐፊ ሆኜ ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ከእንጨት ጋር ያለኝ ግንኙነት እርሳስ ከመቅረጽ አላለፈም።

ታዲያ ያቺ የሰንጋ ተራ ቦታ ለሕንፃ ተፈለገችና ጌታቸው ማሽኖቹን በጭነት መኪና አስጭኖ ልደታ ወዳለው ግቢያችን አመጣቸው። ማሽኖቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ጣውላ ይሰነጥቃል፣ ሌላው ይልጋል። ሰንጋ ተራ ድሮ በሬ የሚሸጥበት ቦታ ነበር ሲባል እሰማለሁ። እኔ በዓይኔ ያየኋቸው የሰንጋ ተራ ሰንጋዎች ግን እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ለማውረድ የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ተጠራ። የግቢያችን በር አንድ ጎኑ ተገነጠለ። በመጨረሻ ጓሮ ካለችው የቆርቆሮ ዳስ ሥር ጎን ለጎን ቆሙ፤ ደክሟቸው የተገተሩ ይመስላሉ።

«እንግዲህ ነገ ሥራ ትጀምራለህ» አልኩት።

«በምን ኤሌክትሪክ?» አለ። «እነዚህ ሦስት ፌዝ ነው የሚፈልጉት። የእኛ ቤት አንድ ፌዝ ነው።»

ይህን ያለው ሐኪም «ቤት ወስዳችሁ አስታሙት» ሲል በሚያወጣው ድምፅ ነበር። ከዚያ በኋላ ዝም አለ።

ባል ቤት መዋል ሲጀምር ምን እንደሚያደርግ ከእኔ በፊት የቀመሱት ጓደኞቼ ነግረውኛል። መጀመሪያ ድስት ከፍቶ ያያል። ቀጥሎ «ሽንኩርት አበዛሽ» ይላል። ትንሽ ቆይቶ ዕቃ ቤቱን እንደ አዲስ ካላደራጀሁ ብሎ ጨውና ስኳሩን ያቀላቅላል። ለዚህ ሁሉ ተዘጋጅቼ ነበር። ጌታቸው ግን ድስት አልከፈተም። ጠዋት ተነስቶ ሰማያዊ ቱታውን ይለብሳል፣ ሻዩን ይጠጣል፣ ወጥቶ ማሽኖቹ አጠገብ ዱካ ላይ ይቀመጣል። ዘይት በነካ ጨርቅ ይወለውላቸዋል። ሲመሽ ቱታውን አጥፎ ያስቀምጣል። ቱታው ንጹሕ ነው፤ የሚታጠብ ነገር የለውም። ያስፈራኝ ይኼ ነው።

«ምን ስታስብ ዋልክ?» እለዋለሁ።

«እንጃ።»

ስንኖር ስንኖር ከፀጉሩ፣ ከጆሮው፣ ከአንሶላችን ላይ ሰጋቱራ ስለቅም የኖርኩ፣ ስለዚያ ሰጋቱራም ስነጫነጭ የኖርኩ ሴት፣ ያ የእንጨት ዱቄት ናፈቀኝ ብል ማን ያምነኛል? እሱ የማይናገር ከሆነ፣ እኔ አንድ ነገር ላድርግ አልኩ። ሞኝ ሲቆርጥ ማን ይመልሰዋል።

እኔ ፌዝ ሲባል የማውቀው ሹፈትን ነው። የኤሌክትሪኩ ፌዝ ምን እንደሆነ ባላውቅም ሒሳቡ አልከበደኝም። አንድ ፌዝ አንድ ሶኬት ከሆነ፣ ሦስት ፌዝ ሦስት ሶኬት ነው። ሜክሲኮ ሄጄ ረጃጅም የኤሌክትሪክ ማከፋፈያዎች ገዝቼ መጣሁ። አንዱን ከመኝታ ቤት፣ አንዱን ከሳሎን፣ አንዱን ከኩሽና ሰካሁና በመስኮት በመስኮት አውጥቼ ዳሱ ሥር ጎን ለጎን ደረደርኳቸው። ጌታቸውን እጁን ይዤ ወሰድኩት።

«ይኸው ሦስት» አልኩት።

ገመዶቹን አየ። በመስኮቶቹ በኩል ወደ ቤት ተከትሏቸው ገብቶ የተሰኩበትን አየ። ተመልሶ እኔን አየ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሰ ብዬ ደነገጥኩ። ሳቅ ነው። ሆዱን ይዞ ዱካው ላይ ተቀመጠ።

«አንቺ ሴት» አለ እንባውን እየጠረገ፣ «ሦስቱም እኮ ከአንድ ቆጣሪ ነው የወጡት። አንዲት ላም ሦስት ቦታ እየወሰድሽ ብታልቢያት ሦስት ላም ትሆናለች?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን አኩርፌ ሁለት ቀን አላናግረውም ነበር። ግን ሰውየው ማሽኖቹ ከመጡ ወዲህ እንዲህ ብዙ ቃል ተናግሮ አያውቅም። ይህን ሰው ማዳኛው መንገድ ሞኝነት ከሆነ፣ አልኩ በልቤ፣ እኔ የተትረፈረፈ አለኝ።

በማግስቱ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠራሁ። ስንታየሁ ይባላል፤ ልደታ ማርያም አካባቢ ያለ ቤት ሁሉ መብራት ሲበላሽበት የሚጠራው እሱን ነው። ካቻቢቴው ከእጁ፣ ወሬው ከአፉ ሳይለይ የሚሠራ፣ በራስ መተማመኑ ለሦስት ሰው የሚበቃ ወጣት ነው። ማሽኖቹን ዞር ዞር ብሎ አያቸውና፣

«ማዘር፣ ይሄ ቀላል ነው፤ አይጨነቁ» አለኝ። ማዘር ባይለኝ ደስ ባለኝ፤ ግን «ቀላል ነው» የምትለዋ ቃል ማዘርን አስዋጠችኝ። «ካፓሲተር የሚባል ነገር አለ። በአንዱ ፌዝ ላይ እሱን እንጨምርና ሞተሩ ሦስት የመጣለት እንዲመስለው እናደርጋለን። እናታልለዋለን።»

«ሞተር አይታለልም» አለ ጌታቸው ከዱካው።

«ጋሼ፣ እኔ ስንቱን አታልያለሁ።»

እዚህ ላይ ስለ ቆጣሪው መናገር አለብኝ። በግቢያችን ያለነው ሁለት ቤተሰብ ነን፤ እኛና እትዬ ጥሩወርቅ። ግድግዳችን የተያያዘ ነው፤ ቆጣሪያችንም አንድ ነው። እትዬ ጥሩወርቅ ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ቅዳሴ የማያስታጉሉ፣ ከቅዳሴ መልስ ደግሞ ሬዲዮናቸውን ከፍተው ስብከት የሚያዳምጡ አሮጊት ናቸው። ስንታየሁ ሞተሩን ሊያታልል በተነሳበት ሰዓት እሳቸው ስብከት ላይ ነበሩ።

ቁልፉን ተጫነ። መሰንጠቂያው አልተነሳም። መጀመሪያ አጉረመረመ፣ ቀጥሎ እንደ ታመመ በሬ አቃሰተ፣ ከዚያ የተቃጠለ ጎማ ሽታ መጣ። ጌታቸው «አጥፋው፣ አጥፋው» እያለ ሲነሳ፣ ቆጣሪው ጋ ጧ የሚል ድምፅ ተሰማና ግቢው ሁሉ ጭጭ አለ። ሰባኪውም ጭጭ አሉ።

የእትዬ ጥሩወርቅ በር መሬቱን እየፋቀ ተከፈተ።

«ስብከቱን ማነው ያቋረጠው?» አሉ በከዘራቸው ተደግፈው።

ስንታየሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ትንሽ አልታለል ብሎ ነው» አለ።

ያልታለለው ሞተር ምንም አልሆነም፤ ጌታቸው በጊዜ ደረሰለት። የተጎዳው የእትዬ ጥሩወርቅ ማቀዝቀዣ ነው። እርግጥ ፊውዙ ሲቀየር ተመልሶ ሠርቷል። እሳቸው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ያስለዋል ይላሉ። እኔም ሄጄ ጆሮዬን ለጥፌ አዳምጫለሁ፤ እውነትም የሆነ ነገር ይለዋል።

ስንታየሁ ሌላ ሐሳብ አመጣ። የማሽኖቹ ሞተር ይነሳና በአንድ ፌዝ የሚሠራ ትንሽ ሞተር ይገባላቸው አለ። ጌታቸው ይህን ሲሰማ ከዱካው ተነሳ።

«ሞተሩን ከምትቀይሩት እኔን ቀይሩኝ» አለና ወደ ቤት ገባ።

በሁለቱም ሐሳብ ተስፋ ቆረጥን። የቀረው በደንቡ መሠረት የራሳችንን ባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ ማስገባት ነው። ስንታየሁም ከኩነኔ እንደተመለሰ ሰው ልቡ ተሰብሮ፣ ከእንግዲህ ሁሉንም በሥርዓቱ እናቅድ አለ።

«መጀመሪያ ማሽኖቹ የሚቆሙበት ይታወቅ። ገመድ ነው ማሽን የሚከተለው፤ ማሽን ገመድ አይከተልም።»

ከትምህርት ቤት ይዤው የወጣሁት ጠመኔ ነበረኝ። (ጡረታ ስወጣ አንዳንድ ሰው ሰዓት ይሸለማል።) አመጣሁለት። ጌታቸው በመስኮት ያየን ነበር። ስንታየሁ ሲሚንቶው ላይ አንድ ሳጥን ሠርቶ «መላጊያው እዚህ» ሲል አላስቻለውም፤ ወጥቶ ጠመኔውን ከእጁ ነጠቀው።

«ማሽኑ እዚህ ከሆነ ጣውላው የት ሊቆም ነው?» አለ። ለካ ትልቁ ነገር ማሽኑ አይደለም። ረጅም ጣውላ በአንድ በኩል ይገባል፣ በሌላው በኩል ይወጣል፤ ስለዚህ ከፊትም ከኋላም የጣውላው ቁመት ያህል ባዶ ቦታ ያስፈልገዋል። ጌታቸው ተንበርክኮ መስመሩን ሳበ። መስመሩ ከዳሱ ተነስቶ ግቢውን አቋርጦ ሄደ፣ ሄደ፣ የኩሽናዬ ግድግዳ ሥር ደረሰ።

«ከዚያስ በየት ይወጣል?» አልኩት።

«በመስኮቱ።»

«በእኔ ኩሽና መስኮት?»

«ክፍት ከሆነ ችግር የለውም።»

በአፍ አላመንኩም፤ እውነተኛ ጣውላ ይምጣና ይለካ አልኩ። እነሱ ከኋላ፣ እኔ ከፊት ሆነን ጣውላ ተሸክመን በጠመኔው መስመር ላይ ተጓዝን። ጣውላው በኩሽናው መስኮት ገባና ምድጃው ላይ የነበረውን የሽሮ ድስት በቀስታ፣ እንደ ጨዋ እንግዳ፣ ገፍቶ ጣለው። ያ መስመር ተሰረዘ። ሁለተኛው መስመር ወደ ግራ ዞረ። ያንንም ጣውላ ተሸክመን ስንሞክረው እትዬ ጥሩወርቅ ከቤት ሊወጡ በራቸውን ከፈቱ፤ የጣውላው ጫፍ ከደረታቸው አንድ ክንድ ርቆ ቆሟል።

«ጌታቸው» አሉ ሳይንቀሳቀሱ፣ «ወደ እኔ የመጣው ምንድነው?»

«ጣውላ ነው እትዬ። ለጊዜው ነው።»

በመጨረሻ ዶሮ ከገባበት ዓመታት ያለፉትን የዶሮ ቤት አፍርሰን፣ መላጊያውን ከጥግ ወደ ጥግ ሰያፍ አድርገን፣ መሰንጠቂያውን ከጀርባው አስጠግተን ቦታ አገኘን። ስንታየሁ የሞተሩ ጉልበት ስንት ነው ሲል ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ጉልበቱ የተጻፈበት ትንሽ ሳህን ሞተሩ ላይ ተለጥፏል፤ ግን ጌታቸው አንድ ፋሲካ ደስ ብሎት ማሽኖቹን አረንጓዴ ቀለም ሲቀባ ሳህኑንም ቀብቶታል። በቢላ እንደ ድንች እየላጠ ቀለሙን አነሳው። ቁጥሩ ሲወጣ ስንታየሁ አፏጨ፤ ገመዱ አውራ ጣት የሚያክል መሆን አለበት አለ። ጌታቸው እንደ አባት ኮራ።

ለመብራት መሥሪያ ቤቱ ማመልከቻውን የማስገባው እኔ ሆንኩ፤ የቢሮ ወንበር የማውቅ እኔ ነኝና። ተራዬ ደርሶ መስኮቱ ጋ ስቆም፣ እዚያ ያለችው ልጅ በትሕትና ጠየቀችኝ።

«እናቴ፣ ሦስት ፌዝ የፈለጉት ለምንድነው?»

ቤት ውስጥ ስዘጋጅበት የነበረው መልስ ሁሉ ጠፋብኝ። «ለባሌ ነው» አልኳት።

ልጅቷ ቀና አለች። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ንግግሩን አቆመ።

«ባልዎ ምን ሆነው ነው?»

«ዝም አለ።»

የሚገርመው ማንም አልሳቀም። ከኋላዬ የነበሩት አንድ ሽማግሌ ከንፈራቸውን መጠጡልኝ። ልጅቷም ፈገግታዋን ዋጥ አድርጋ፣ «እሺ፣ ኃይሉ ለመኖሪያ ነው ለሥራ?» አለችኝ።

«ለሁለቱም ነው ልጄ። እሱ ካልሠራ አይኖርም።»

ነገሩ ተሳካ። ባለሙያ መጥቶ አየ፤ ጌታቸው የጠመኔውን ንድፍ እያስጎበኘ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳው። ባለሙያው የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከመንገዱ ምሰሶ የሚመጣው መስመር በእትዬ ጥሩወርቅ ጣሪያ ላይ ማለፍ አለበትና፣ የእሳቸው ፈቃድ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ያን የሚያስል ማቀዝቀዣ አስቡት።

ድፎ ዳቦ ጋግሬ ሄድኩ። እትዬ ጥሩወርቅ ዳቦውን ተቀበሉ፤ ገመዱን ግን አልተቀበሉም።

«ሦስት ፌዝ?» አሉ። «እኔ በዚህ ዕድሜዬ አንዱንም አልችለው። ያፌዘብኝ ይበቃል። በአናቴ ላይ ሦስት ፌዝ አስተኝቼ እንቅልፍ ይወስደኛል ብለሽ ነው?»

«እትዬ፣ ባለሙያዎች ናቸው የሚዘረጉት። እንደ ያኔው አይደለም።»

«ያኔም ባለሙያ ነው ብለሽኝ ነበር።»

ተመልሼ ለጌታቸው አልሆነም አልኩት። ያ በጠመኔ የተነቃቃ ፊቱ ወደ ድሮው እንዳይመለስ ብዬ ዓይን ዓይኑን ሳየው ነበር። በማግስቱ ቱታውን ለብሶ፣ ሻዩን ጠጥቶ፣ ወደ ዱካው ሳይሆን ወደ እትዬ ጥሩወርቅ ቤት ሄደ።

እኔ በግድግዳችን በኩል አዳመጥኩ። መስማት ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ግድግዳውን ቀጭን አድርጌ የሠራሁት ግን እኔ አይደለሁም። ስለ ኤሌክትሪክ አንድ ቃል አልተነሳም። ስለ ጉልበታቸው ሕመም ተነጋገሩ። ስለ ልደታ ንግሥ ተነጋገሩ። ከዚያ ጌታቸው፣

«ይኼ በር መሬት የሚፍቀው ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ።

«ወንድምህ ከሞተ ወዲህ ነው። እሱ ነበር ከፍ እያደረገ የሚከፍተው።» ባለቤታቸውን ለጌታቸው ሲጠሩለት «ወንድምህ» ይላሉ።

በሩን ከማጠፊያው ነቅሎ ወደ ዳሱ አመጣው። በእጅ መላጊያ ከሥሩ ትንሽ ላገለት። ኤሌክትሪክ የለበትም፣ ፌዝ የለበትም፤ ሽው፣ ሽው ይላል። መልሶ ገጠመው። እትዬ ጥሩወርቅ በሩን ከፈቱት። ዘጉት። እንደገና ከፈቱት። ድምፅ የለውም። በሩ ላይ እንደቆሙ፣

«ያ ማሽንህ ሲነሳ ይጮኻል?» አሉት።

«ይጮኻል እትዬ። አልዋሽዎትም።»

«በስንት ሰዓት?»

«እርስዎ በፈቀዱልኝ ሰዓት።»

«ከቅዳሴ በኋላ ይሁን። ከምሳ በኋላ ደግሞ ጋደም እላለሁ፤ ያን ጊዜ ዝም ይበል። ከዚያ ወዲያ ይጩኽ። ሰው ያለበት ግቢ እንዲመስል።»

እኔ ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ ከአፌ ምንም እንዳይወጣ ነጠላዬን ነከስኩ።

አሁን የቀረው ቁፋሮው ነው። ቆጣሪው የሚተከለው በር አካባቢ ስለሆነ፣ ከዚያ እስከ ዳሱ ያለው ገመድ በመሬት ውስጥ እንዲሄድ ተወሰነ። ስንታየሁ ዶማ ይዞ መጣና የውሃ ቱቦው በየት በኩል ነው ያለው ብሎ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ጌታቸው በግራ በኩል ነው አለ። እትዬ ጥሩወርቅ በቀኝ በኩል ነው፣ ሲቀበር ቆሜ አይቻለሁ አሉ። ስንታየሁም ሁለቱንም ላለማስቀየም መሐሉን ቆፈረ።

ቱቦው መሐል ነበር።

ቀኑ ደግሞ ውሃ የሚመጣበት ቀን ነው። ከመሬት የወጣው ውሃ ከአጥሩ በላይ ዘለለ። የታጠበው ልብስ እንደገና ታጠበ። ስንታየሁ በመዳፉ ሊደፍነው ሞክሮ አልሆነለትምና በመጨረሻ ላዩ ላይ ተቀመጠበት። መብራት ፍለጋ ቆፍሮ ውሃ ያገኘ ሰው ከእኛ ሌላ አላውቅም። ጌታቸው የቱቦውን መዝጊያ ፍለጋ ወደ በር ሲሮጥ እትዬ ጥሩወርቅ ያላቸውን ጀሪካን ሁሉ እየጎተቱ ወጡ።

«ስንታየሁ፣ እስኪ ተነስ፤ ቶሎ አትድፈነው» አሉት። «እኛ ጋ በቧንቧ ሲመጣ እንዲህ ኃይል የለውም።»

በርሜሉ ሞላ፣ ጀሪካኑ ሞላ፣ የልጆቻችን የድሮ መታጠቢያ ሳይቀር ሞላ። ከዚያ ተዘጋ። ቱቦው ተጠገነ፣ ገመዱም ከቱቦው ርቆ ተቀበረ። ከትንሽ ጊዜ በኋላ የመብራት ሠራተኞቹ መጥተው መስመሩን ዘረጉ፣ ቆጣሪውን ተከሉ፣ ምርቃት ተቀብለው ሄዱ።

ማሽኑ የሚነሳበት ቀን እሑድ ሆነ። እትዬ ጥሩወርቅ ከቅዳሴ ሲመለሱ ነጭ በነጭ እንደለበሱ ወንበር ወጣላቸው። እኔ ከኋላቸው ቆምኩ። ጌታቸው መላጊያውን ለመጨረሻ ጊዜ ወለወለው።

«መጀመሪያ ቺንጊያውን እናውልቅ» አለ፤ ሞተሩን ከምላጩ ጋር የሚያያይዘውን ቀበቶ ማለቱ ነው። «ሞተሩ ለብቻው ይዙርና ወዴት እንደሚዞር እንይ።»

«አያስፈልግም ጋሼ» አለ ስንታየሁ። «በደንብ ነው ያሰርኩት።» ሰው ከአመሉ ጋር ነው የሚኖረው። አረንጓዴውን ቁልፍ ተጫነ።

ማሽኑ ተነሳ። አላቃሰተም፤ ከሥር ጀምሮ እየወፈረ የመጣ፣ ደረትን የሚነካ ድምፅ አወጣ። ልቤ በደስታ ስትዘል፣ በማሽኑ ሆድ ውስጥ ከሰንጋ ተራ ጀምሮ ተጠቅጥቆ የኖረው ሰጋቱራ መውጣት በሌለበት በኩል ፈንድቶ ወጣ። በቀጥታ ወደ እኛ። ዓይኔን ጨፍኜ ቤታችን ፈነዳ ብዬ ደመደምኩ። ለዚህ ሁሉ የወጣውን ገንዘብ፣ ዳቦውን፣ ቱቦውን፣ የዚያችን የቢሮ ልጅ ፊት አሰብኩ።

ድምፁ ሲበርድ ዓይኔን ገለጥኩ። ጌታቸው ቀዩን ቁልፍ ተጭኖ ቆሟል።

«ወደ ኋላ ነው የዞረው» አለ በእርጋታ። «ብያችኋለሁ።»

ስንታየሁ እስከ ቅንድቡ ቡናማ ሆኗል። «ቀላል ነው» አለ፤ ይህችን ቃል ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልጣላትም። «ከሦስቱ ገመዶች ሁለቱን ቦታ ማቀያየር ነው። የፈለግነውን ሁለት። ያኔ ወደ ፊት ይዞራል።»

«በቃ? ይኼው ነው?» አልኩት። ወደ ኋላ የዞረ ነገር እንዲህ በቀላሉ የሚመለስ ከሆነ ስንቱን ዘመዴን አመጣለት ነበር።

ማንም እትዬ ጥሩወርቅን ደፍሮ አላየም። ነጠላቸው፣ ቀሚሳቸው፣ ሽፋሽፍታቸው ሳይቀር ሰጋቱራ ለብሷል። ቀስ ብለው የነጠላቸውን ጫፍ አራገፉ። አፋቸው ላይ የገባውን በጣታቸው ጠረጉ።

«አንደኛው ፌዝ ይኼ ከሆነ» አሉ፣ «የቀሩትን ሁለቱን ሳላይ ልግባ።»

ግን አልገቡም። ከወንበራቸው ንቅንቅ አላሉም። ስንታየሁ ገመዶቹን እስኪያቀያይር ድረስ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ጠበቁ። በዚህኛው ዙር ቺንጊያው ወለቀ፤ ሞተሩ ለብቻው ዞረ፤ ጌታቸው ጎንበስ ብሎ አየና ራሱን በእሺታ ነቀነቀ፤ ቺንጊያው ተመለሰ። ቁልፉን የተጫነው እሱ ራሱ ነው።

ድምፁ ያው ነው፤ ግን ምንም አልፈነዳም። ጌታቸው ወዲያው ሥራ አልጀመረም። መዳፉን የማሽኑ ጠረጴዛ ላይ አሳርፎ፣ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ፣ የሆነ ሰው የሚያወራውን እንደሚሰማ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ከግድግዳው ሥር አንድ የዋንዛ ጣውላ አነሳ። አሮጌ ነው፤ ግራጫና ሻካራ፣ የትም የወደቀ ዓይነት።

«ነይ» አለኝ። «በዚያ በኩል ቁሚና ተቀበይኝ።»

«ስንታየሁ ይቀበልህ» አልኩ። «እኔ ምን አውቃለሁ።»

«አንቺ ነይ። አትሳቢው፣ አትግፊው። እሱ ራሱ ይመጣልሻል። እጅሽን ከሥር አድርገሽ ብቻ ያዢው።»

ሄጄ ቆምኩ። ያን ሁሉ ዓመት ሰንጋ ተራ ምሳ ሳደርስለት ከበር አልፌ አላውቅም፤ ድምፁ ያስፈራኝ ነበር። ጌታቸው ጣውላውን ከወዲያ አስገባው። ድምፁ ተቀየረ፣ ቀጠነ። ከወዲህ በኩል የጣውላው ጫፍ ብቅ አለ፤ ግራጫው የለም፣ ማር የመሰለ ነገር ነው የሚወጣው፣ ልስልስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ ወደ እኔ።

እጄ ላይ ሲደርስ ሞቃት ነበር። አሁን ከምድጃ እንደወጣ ዳቦ። ከአናጺ ጋር ስኖር አርጅቼ፣ እንጨት ሲላግ እንደሚሞቅ የነገረኝ ሰው የለም። ወይም ነግሮኝ እኔ አልሰማሁ ይሆናል።

ጣውላውን እስከ መጨረሻው ተቀበልኩት። ጌታቸው ከማሽኑ ወዲያ ማዶ ቆሞ የሆነ ነገር ይለኛል፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል እንጂ ምን እንደሚል በጭራሽ አይሰማም። ጥያቄ ይሁን ምክር አላውቅም። ጣውላውን እንዳቀፍኩ፣ በተቻለኝ መጠን ጮክ ብዬ፣

«ሌላ አምጣ» አልኩት።